እናቴ የላሰችው አሞሌ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንቱን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን ብቻ ዋጥኳት። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል መሰለኝ።

እናቴን ጨው የከለከልኳት እኔ ነኝ። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነኝ። ደም ግፊት ተገኝቶባት ሽንት የሚያበዛ ክኒን ሲታዘዝላት፣ ነርሷ «ጨው ቀንሱ፤ ከደከማት ወይም ነገር ከተምታታባት ቶሎ አምጧት» አለችኝ። ቀንሱ ነው ያለችው። እኔ ግን የተማርኩ ነኛ! ጨውን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ውሃ ደም ያጠራል ብዬም በጆግ አስጠጣኋት። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሽሮው ጨው የለው፣ ቅባት የለው። «ልጄ፣ እህሉ አልወርድ አለኝ፤ ቅንጣት ብቻ» ስትለኝ «መሞት አማረሽ?» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከበሬዎቹ ጋጣ አገኘኋት። ለበሬዎቹ የተቀመጠውን አሞሌ ጨው ይዛ ትልሳለች። ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጠች። እኔስ ምን አደረግሁ? ከእጇ ነጠቅኋት፤ ጎረቤት እየሰማ ጮህኩባት። ለበሬ የማልነፍገውን ለእናቴ ነፈግኋት።

በሳምንቱ ስሜ ጠፋት፤ በሞተው ወንድሜ ስም ጠራችኝ። የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ። ትዝ ብሎኝም የጾም ድካም ነው ብዬ ሁለት ቀን አሳደርኳት። በሦስተኛው ቀን ስትንዘፈዘፍ በመኪና ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረስኳት።

ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ የደሟ ጨው ክፉኛ ወርዷል አለ፤ ክኒኑ በሽንት ያስወጣዋል፣ ብዙ ውሃ መጠጣቷም አባሰው። ክኒኑን አስቆመ። ነፍሷ መለስ ስትል ግን አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ጨው ጭራሽ ማን ከለከላት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሷው ናት፤ ብንለምናት አልሰማ ብላ» አልኩ። እኔ አልኩ፣ በዚህ አፌ።

«ምነው እናቴ፣ በራስዎ ጨከኑ?» አላት።

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጄ ምን ያርግ» አለች።

ዳነች። አገሩ ሁሉ «እናቱን ያተረፈ» ይለኛል፤ እኔም ምርቃቱን እቀበላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ ውሸቱን ስዋሽ አውቅ ነበር።

ዛሬ ሐኪሙ ጨው በመጠኑ ፈቅዶላታል። ወጥ ስትሠራ ግን ማንኪያውን እንደያዘች ቀና ብላ «ላድርግ?» ትለኛለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድስቷ።

«ይቅር በይኝ» ማለት አቅቶኝ «አድርጊ» እላታለሁ።