ስምንት ሜትር እጅጌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ሙቀቱ በበረታበት ወር ነው። ያዩት ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይስቃሉ። እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር መግቢያ ይጠፋኛል።

የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ነው። መሀል ከተማ፣ ያገሬ ነጋዴዎች በሞሉበት ጂፒ በሚባለው ሰፈር፣ በአጎቴ ጨርቅ ቤት ጥግ ሆኜ እሰፋለሁ። መጋረጃ፣ የተማሪ ልብስ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ያመጡልኝን ሁሉ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ከሰው ጋር ማውራት ስለሚከብደኝ ደንበኛ የሚያነጋግሩት አጎቴ ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ነጭ ሽማግሌ ቀጭን ሰማያዊ ናይለን ተሸክሞ መጣ። ስምንት ሜትር የሚረዝም፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ እጅጌ እንዲሰፋለት ፈለገ። በጎኑ ገመድ ይገባበታል፣ አፉ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ይሰፋበታል። ለትንሿ ጀልባዬ ነው አለ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚነፋ ትልቅ ሸራ ጨምሮላታል፤ እጅጌው ያንን ሸራ መጠቅለያ ነው፤ ገመዱ ሲሳብ ወደ ላይ ተሰብስቦ ሸራውን ይለቀዋል።

ሲሄድ አጎቴ ጨርቁን እያገላበጡ፣ "ጀልባ እጅ አለው እንዴ እጅጌ የሚሰፋለት?" አሉ።

ብርድ ልብስ የሚሸጠው ጎረቤታችን ደግሞ፣ "ሰው የሚከቱበት ነው እንጂ! ቁመቱን አላዩትም? አራት ሰው ይውጣል" አለ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የአገራችን ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ታፍነው ሲወሰዱ በየጊዜው እንሰማለን። ጂፒ ድረስ መጥቶ ልብስ የሚያሰፋ ነጭ ሽማግሌም ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሰፍቼ ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። እጅጌው መሀል ላይ እየተያዘ ሸራውን አልለቅም አለኝ አለ። "እሁድ እኔና ባለቤቴ ልጅቷን ጀልባዋ ያለችበት ግድብ ድረስ እንውሰዳት፣ እዚያው ሆና ታስተካክለው" ብሎ አጎቴን ለመነ።

"ሚስቱም አለች ብሏል" አልኳቸው ለአጎቴ።

"የሚያስፈራው እሱ ነው። ሴት ካለች ሰው ይዘናጋል" አሉኝ። ነገር ግን ሥራ ተበላሽቶ ሲመለስ ስማቸው የጠፋ ያህል ነው የሚሰማቸው። ሲያስቡ ቆይተው፣ "ሂጂ። በየግማሽ ሰዓቱ ትደውያለሽ። ካልደወልሽ ዝም ብዬ አልቀመጥም" አሉ።

እሁድ ጠዋት የመኪናውን ታርጋ በግልጽ ፎቶ አነሱ። ያለሁበትን ቦታ እንዲያዩም ስልኬን አስተካከሉ። እኔ መቀሴን ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩ።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሚስቱ ሳንድዊች ሰጠችኝ። ቢያስተኛኝስ ብዬ ሳልበላው ያዝኩት። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ግድቡ ዳር ስንደርስ ተንሳፋፊ ሰደርያ አለበሰችኝና፣ "ስልክሽ ውሃ ይገባበታል" ብላ ተቀብላኝ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ልከለክላት ፈለግኩ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። እሷ ከነሳጥኑ ዳር ቀረች። እኔን ሽማግሌው በጀልባዋ ይዞኝ ገባ።

ርቀን ሄድን። አይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም። ገመዱን ሲስብ እጅጌው ወደ ላይ ተሰበሰበና መሀል ላይ ተያዘ። ወዲያው ገባኝ። እንደ ሰው ልብስ አድርጌ የስፌቱን ትርፍ ወደ ውስጥ ትቼዋለሁ። ሸራው የሚያልፈው በውስጥ ነው፤ ትርፉና ክሩ ይይዘዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር።

መቀሱን ከጉያዬ ሳወጣ ሽማግሌው ወደ ኋላ ሸሸ። እጅጌውን እንዲያወርድልኝ በእጄ አሳየሁት። ሲያወርደው ገልብጬ ትርፉን በሙሉ ከረከምኩ፤ እሱ የሚጣበቅ ጨርቅ አውጥቶ በላዩ ለጠፍንበት። ብዙ ቆየን። እንደገና ሲስበው እጅጌው እስከ ጫፍ ወጣ፤ ቀይና ቢጫ ሸራ ከቤት የሚበልጥ ሆኖ ተነፋ። ጀልባዋ ፈተለከች። ሽማግሌው እንደ ልጅ ጮኸ። ስልኬ ዳር መቅረቱም፣ የመደወያ ሰዓቱ ማለፉም ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ስንመለስ ዳር ላይ መኪኖች ተደርድረዋል። ሳልደውል ስቀር አጎቴ ታርጋውንና ያለሁበትን ቦታ "ልጄን ወሰዷት" ብለው ያገራችን ነጋዴዎች የስልክ ግሩፕ ላይ ለጥፈው ኖሯል። በአቅራቢያው ከተሞች ሱቅ ያላቸው ያገሬ ልጆች ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። አንዳንዶቹ ዱላ ይዘዋል። ሴትዮዋ መሀላቸው ቆማ ሳጥኑን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

"እህቴ፣ ምን አደረጉሽ?" አለ አንዱ። መልሴን ሳይጠብቅ ከነጫማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌውን በሰደርያው ጎትቶ አወረደው። ሽማግሌው በጉልበቱ ወደቀ። ሌላው ዱላውን አነሳ።

"ተዉት! ምንም አላደረገኝም! ረስቼ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ዱላው ወረደ። አንዱ፣ "በሉ ሱቃችንን እንክፈት፤ እመቤቲቱ ሽርሽር ላይ ናት" አለ። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ብቻ ውሃ ውስጥ እንደተንበረከከ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይገባው ያየኝ ነበር።

ያገሬ ልጆች በመኪናቸው መለሱኝ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሱቃችን መጥቶ አያውቅም።

አጎቴን አልወቅሳቸውም። እውነት ታፍኜ ቢሆንና ባይደርሱልኝ የሚሆነውን ያየነው በሌሎች ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን ታርጋ ሳላስነሳ የማላውቀው መኪና ውስጥ አልገባም። ግን ያን ቀን ሽማግሌው ሲያየኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ባጠገቡ አልፌ መኪና ውስጥ ገባሁ። ይቅርታ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቅ ነበር።