ጋራዥ ውስጥ የተተረከ ልቦለድ

ቀበሌው እስር ቤት አልነበረውም፤ ጋራዥ ነበረው። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ነው። ሳሎኑ ጽሕፈት ቤት፣ መኝታ ቤቶቹ መመርመሪያ፣ መኪና ማቆሚያው ደግሞ የእኛ ማደሪያ ሆነ። አብዮት ጥበቃዎቹ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ካለው ቤታችን ደጃፍ ይዘውኝ መጡና የብረቱን መዝጊያ ገርበብ አድርገው ወደ ውስጥ ገፉኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የከረመ የሞተር ዘይት ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ዘይት ባጠቆረው ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ አየሁ።

“ተማሪ ነህ?” አለኝ አንዱ ጎርነን ባለ ድምፅ። በኋላ እንዳወቅሁት የታክሲ ሹፌር ነበር።

“አዎ።”

“ወረቀት ስትበትን ነዋ የያዙህ።”

“ኧረ ምንም አላደረግሁም።”

“አይዞህ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም ምንም አላደረግንም” አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ሰው እዚያ ውስጥ ይስቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ከግድግዳው ሥር ሹራብ የለበሱ፣ ጠና ያሉ ሰው ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና “ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ሁን” አሉኝ። ዘይቱ ያልደረሰበት ቦታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጎን ተኛሁ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። እዚያ ቤት ስም መጠየቅ ነውር ነበር፤ የማታውቀውን ሲመረምሩህ አትናገረውም።

ከየቤታችን የመጣውን ምሳ በአንድ ላይ ከበላን በኋላ የወሬ ሰዓት ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ጋራዡ እንደ ምድጃ ስለሚሆን እንቅልፍ የሚባል አይታሰብም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ተናጋሪው ወሬውን ያቆማል፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ሹፌሩ ያሳፈራቸውን ሰዎች ጉድ አወራን። አንድ የቦሌ ሚካኤል ልብስ ሰፊ ደግሞ በሠርግ ዋዜማ ልብሱ የጠበበውን ሙሽራ እያስመሰለ አሳቀን። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ምንም የማወራው አጣሁ። የኖርኩት ዕድሜ ትንሽ ነው፤ የማውቀውም አንድ ልቦለድ ብቻ ነው።

ያን መጽሐፍ በቃሌ ነበር የማውቀው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ጠፍቶ በጋዜጣ ተለብዶ ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው አልቀዋል። ከክፍላችን ልጆች መጨረሻውን የሚያውቅ አልነበረም። ደራሲውን አንድ ቀን ባገኛቸው ብዬ እመኝ የነበረው አንድም ለዚህ ነው። ደራሲዎች ያዘወትሩታል የተባለ ሻይ ቤት ሄደን፣ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሻይ ለሁለት ይዘን ቁጭ ብለን እናውቃለን። መልካቸውን ስለማናውቀው ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ደራሲ ይመስለን ነበር።

ታሪኩ የአባቷን መሬት ስለተቀማች ሴት ነው። መሬቷን ለማስመለስ ከገጠር ትመጣና ዕድሜዋን በችሎት ደጅ ትፈጃለች። በየቀኑ እየቀነጨብኩ ተረክሁላቸው። ሹፌሩ ዳኛውን በስድብ አጠበው። ልብስ ሰፊው ሴትዮዋን እንደወደዳት ሳይደብቅ ተናገረ። ከጎኔ ያሉት ሰው ግን ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ የሚተኙ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፦

“እናቷን ስትቀብር አለቀሰች አልክ?” አሉኝ።

“አዎ።”

“መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?”

“እሱን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ማልቀስ ያለባት መሰለኝ።”

ትንሽ አሰቡና “ልክ ነህ። ታልቅስ” አሉ።

ገጾቹ የተገነጠሉበት ጋ ስደርስ እውነቱን ተናገርኩ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም አልኩ። ጋራዡ በጩኸት ተሞላ።

“ይህን ሁሉ ዘመን ችሎት ደጅ አቁመሃት መጨረሻውን አላውቀውም ትላለህ?” አለ ሹፌሩ። የምሩን ተቆጥቶ ነበር።

በዚህ መሐል መዝጊያው ተከፈተና ዘበኛው አንድ ስም ከነአባቱ ጠራ። ጆሮዬን አላመንኩም። ያ ስም በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከርእሱ በታች የታተመው ስም ነው። ከጎኔ ያሉት ሰው “አቤት” ብለው ተነሡ። ሱሪያቸውን አራገፉ። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ሲደበቅ እንደተያዘ ልጅ ፈገግ አሉ።

መዝጊያው ሲዘጋ ማን እንደሆኑ ለሌሎቹ ነገርኳቸው።

“በስመ አብ!” አለ ልብስ ሰፊው። “አያንኮራፉ ብዬ የቀሰቀስኳቸው እኮ ናቸው!”

ማንም አልሳቀም። ከቪላው በኩል የሚመጣውን ድምፅ ያልሰማን ለመምሰል ሁላችንም መሬት መሬት እናይ ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል መለሷቸው። ሁለት ዘበኞች ብብታቸውን ይዘዋል፤ ከኋላ መርማሪው ካድሬ ቆሟል። ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ነበር፤ እግራቸው ጫማ የሚገባው አልነበረም። ያኔ ሹፌሩ ብድግ አለ።

“ኖር!”

እኔም ተነሣሁ። ልብስ ሰፊውም፣ ከወዲያ ጥግ በሕመም የሰነበተው ሰውዬም ግድግዳውን ይዞ፣ ሁላችንም ተነሣን። “ኖር! ኖር!” የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

“ማነው ተነሡ ያላችሁ? ተቀመጡ!” አለ ካድሬው።

የተቀመጠ አልነበረም። ደራሲው አንድ በአንድ አዩን። ከንፈራቸው ደርቆ ስለነበር ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው።

“በእግዚአብሔር” አሉ። “ተቀመጡ ልጆቼ።”

እሳቸው ሲሉ ተቀመጥን። በማን ቃል እንደተቀመጥን ካድሬውም የገባው ይመስለኛል፤ መዝጊያውን ወርውሮት ሄደ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እግራቸውን በተጠቀለለ ልብስ ላይ ሰቅለን አስተኛናቸው።

“ለምን አልነገሩኝም?” አልኳቸው።

“ብነግርህ ትተርክ ነበር?”

“ኧረ እኔ! በምን ድፍረቴ!”

“እንግዲያስ። ያመሰገነኝ አለ፤ የሰደበኝም አለ። የራሴን መጽሐፍ ለእኔው የተረከልኝ ግን ከአንተ በፊት አላጋጠመኝም። ስትጨምርበት እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።”

ሹፌሩ መታገሥ አልቻለም። “ጋሼ፣ በሞቴ፣ ሴትዮዋ ምን ሆነች?”

“የታተመውን ልንገርህ ወይስ እኔ የጻፍኩትን?”

ለካ የተገነጠሉት ገጾች የእሳቸው አልነበሩም። መጽሐፉ ሲታተም የነበረው የንጉሡ ዘመን ሳንሱር መጨረሻውን አስለውጧቸዋል። በታተመው ላይ ሴትዮዋ ከንጉሡ መኪና ፊት ትወድቃለች፤ ንጉሡም መሬቷን ያስመልሱላታል። በጻፉት ላይ ግን ክረምት ሊገባ ሲል ከችሎቱ ደጅ ትነሣለች። ፍርድ አላገኘችም። አገሯ ትገባለች፤ በሬዎች ትለምናለች፤ በአባቷ መሬት ላይ እርፍ ትጨብጣለች።

“ሴት አታርስም” አለ ሹፌሩ።

“አታርስም። አገሩ ሁሉ ወጥቶ የሚያያት ለዚህ ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከማሳው ዳር ስትደርስ በሬዎቹን ለሌላ ትልም ታዞራቸዋለች። እዚያ ላይ ያበቃል።”

“ፍርዱስ?”

“ፍርዱን አልጻፍኩትም።”

ቆይቶ ሹፌሩ፣ “ግን ዘሩን ከየት አመጣችው?” አለ።

ደራሲው ሳቁ። ሲስቁ እግራቸውን ስላመማቸው ፊታቸውን እየቋጠሩ ሳቁ። “ይህን አላሰብኩትም!”

ክርክሩ ተነሣ። አንዱ ከጎረቤት ትበደር አለ። ሌላው ሰው ሁሉ ስለሚፈራ የሚያበድራት አይኖርም አለ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው፣ “ከአገሯ ስትወጣ ጀምሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው ነው የዞረችው” አለ። ደራሲው ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ወስጄዋለሁ” አሉት። “ያንተን ወስጄዋለሁ።” ልብስ ሰፊው እስከ ማታ ድረስ ፊቱ በርቶ ዋለ።

እግራቸው ሻል ሲል ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። ሲወጡ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው “ደህና ሁን፣ አንባቢዬ” አሉኝ። እኔ ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ተፈታሁ። እሳቸው ከዓመታት በኋላ በሕይወት መውጣታቸውን ሰማሁ። ሌላ መጽሐፍ አላሳተሙም። በሕመም ማረፋቸውን ስሰማ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ሸኘኋቸው፤ ከዘመዶቻቸው የሚያውቀኝ አልነበረም።

ባለፈው ወር ልጄ አንድ ሆቴል ውስጥ ከተደረገ የመጽሐፍ ምርቃት ፊርማ ይዛ መጣች። ከደራሲዋ ጋር ፎቶ ተነሥታለች። ደስታዋን ሳይ እኔም ደስ አለኝ።

“አባዬ፣ አንተስ የምትወደውን ደራሲ አግኝተህ ታውቃለህ?” አለችኝ።

“አንዱን አግኝቻለሁ። ጎን ለጎን ተኝተናል።”

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔም ለጊዜው ተውኩት፤ አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። እስሩን ናፍቄው አላውቅም፤ ማንም እንዲደርስበት አልመኝም። እነዚያ ከምሳ በኋላ የነበሩ ሰዓቶች ግን አሁንም ይናፍቁኛል። ብዙ ሰው የሚወደውን ደራሲ በአዳራሽ ያገኛል፤ ተሰልፎ እጁን ይጨብጣል። እኔ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርቻለሁ። በምን ዓይነት ቀን እንደተጋራሁት ባልረሳም፣ ዛሬም ድረስ እንደ ዕድል ነው የምቆጥረው።