ለኒውክሌሩ ሰው የቆየች ፍየል

በበናዎች አገር፣ ካኮ ከተማ ወፍጮ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ስድቡ የሚወርደው እኔ ላይ ነው። ከሩቅ መንደር ማሽላ ተሸክማ የመጣች እናት ጆንያዋን ተራ አስይዛ ዛፍ ጥላ ሥር ትጠብቃለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያንኑ ጆንያ ሳታስፈጭ ተሸክማ ትመለሳለች። አንዷማ፣ "አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምረሽ ይቺን ድንጋይ ማዞር አቃተሽ?" አለችኝ።

ምንም አልተደረገላቸውም እንዳይባል አንድ ጊዜ መዳፍ የምታክል የፀሐይ መብራት ታድሎናል። ስንቀበል ፎቶ ተነሣን። መብራቷ ራት ታበላለች፣ ደብተር ታስነብባለች፣ አልዋሽም። ወፍጮ ግን አታዞርም። ለደሃ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል ያለውን ሰው ባገኘው አንድ ጆንያ ማሽላ አሸክሜ ዳገቱን አስወጣው ነበር።

እንግዲህ አንድ ወጣት ለጥናት በመኪና ሲመጣ ወፍጮው ቆሞ ስለነበር አስተርጓሚ ሆኜ የተያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ለሽማግሌዎቹ በበና ቋንቋ እነግራቸዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነው። ወጣቱ የመጣው ስለ ትንንሽ የኒውክሌር ማመንጫዎች ነበር፤ እንደኛ ባለ ደሃ አገር ቢተከሉ ሕዝቡ ምን እንደሚል ሊጠይቅ። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በክፍል በክፍሉ ተጭኖ ይመጣል አለ። ጭስ የለውም፣ ወንዝ ካልተገደበ አይልም፣ ዝናብ ቀረ ብሎ አይጠፋም። አንዴ በተሰጠው ነዳጅ ዓመታት ይሠራል። ልቤ ተነሣ። በኋላ ጂንካ ሄጄ ሳወራ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ኒውክሌር ለካኮ? መጀመሪያ አምፖሉን ልመዱት ብሎ ሳቀብኝ። ለምን አይሆንም? ጨለማው ለእኛ ሲሆን ማንም አልሳቀም።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ወጣቱ ነዳጁ ከሠራ በኋላ ስለሚቀረው አደገኛ ቅሪት ሲናገር ዘለልኩት። ሽማግሌዎቹ ይፈሩና ነገሩ ይበላሻል ብዬ። ወፍጮዬ እንዲዞር ፈልጌ ነበር።

አባቴ መሬቱን በበትሩ እየጫረ፣ አመዱስ የት ይደፋል አለ። ማንም አልነገረውም። እሳት የሚያውቅ ሰው አመድ ያውቃል። አፍሬ ወጣቱን ጠየቅኩት። እሱም አልደበቀም፣ በዚህስ ላመስግነው፤ ከልጅ ልጅ ዕድሜ አልፎ ሲጠበቅ የሚኖር ነው አለ። አሁን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሲነጋገሩ ቆዩና አባቴ መለሰ።

"ልጄ፣ እሳቱን አልጠላነውም። አመዱ ግን አንተንም እኔንም ቀብሮ ይኖራል። ስለዚህ አንተ ፍየል ስጠኝ፣ እኔም እሰጥሃለሁ።"

ይህ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ሩቅ ካለ ሰው ጋር አንዱ የሌላውን ከብት በአደራ ለመጠበቅ ፍየል ተሰጣጥቶ ወዳጅነት ይታሰራል። ሰውየው ሲሞት ልጁ ይረከበዋል፣ ከዚያ የልጅ ልጁ። ተቸገርኩ ብሎ የሚሸሽ የለም። አባቴ ያለው፣ አመዱን የሚጠብቁ ልጆችህን ከልጆቼ ጋር በወዳጅነት እሰራቸው ነው። ይህንንም ለወጣቱ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ፈገግ አለ። ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድለት፣ ለፍየሏ ግን እንደሚያመሰግን ንገሪልኝ አለኝና የጥናቱ ቅጽ ላይ ጻፈ። አማርኛ ማንበቤን ረስቶታል። "በኅብረተሰቡ ዘንድ የግንዛቤ እጥረት ታይቷል" ይላል።

ደሜ ፈላ። የማን እጥረት? ጥያቄ ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ እሱ ራሱ መልስ ላጣለት ነገር መልስ የሰጠው አባቴ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለሆነ ብቻ አልተሰማም።

"ያለህን ጻፍ" አልኩት።

"እህቴ፣ ቅጹ ለፍየል ቦታ የለውም።"

"ጀርባው ባዶ ነው።"

አስተርጓሚ ካልፈረመበት ደግሞ ቅጹ አይቆጠርም። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩና በጀርባው ጻፍኩ፤ እሳቱን አይጠሉትም፣ አመዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ ይምጣና ከእነሱ ጋር በፍየል ወዳጅነት ይታሰር። መጀመሪያ የዘለልኩትንም ሳልደብቅ ጻፍኩት። ከሥሩ ፈረምኩ። ወጣቱ ሳያነበው አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

መልስ አልመጣም። አባቴ ግን ወጣቱ የሄደ ዕለት ከብቱ ሲገባ አንዲት ጥቁር ፍየል ለእሱ ለይቶ ጆሮዋ ላይ ምልክት አደረገባት። ድርቅ የጠናብን ጊዜ ሌሎቹን ሲሸጥ እሷን አልነካም። ሽጣት፣ ማንም አይመጣም ብዬ የጮኽኩበት እኔ ነኝ። "የሰው ናት" አለኝ።

ፍየሏ ሦስቴ ወልዳለች፤ ግልገሎቿም የሰውየው ናቸው። ዛሬ ጠዋትም መብራት የለም። ጆንያዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል፣ የኒውክሌሩ ሰው ፍየሎች ከሥራቸው የፈሰሰ ማሽላ ይለቅማሉ፣ ሴቶቹም እኔን ያያሉ። ግንዛቤ ያጠረን ግን እኛ ነን ተብሎ ተጽፏል።