መርዶው ሳይነገር የታየ ፊልም

ይቅር በሉኝ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ አንድ የተማረ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ግን የስደተኛ ማኅበራችን ልጆች «ስለ ቀደሙት ሴቶች የምታውቁትን ጻፉልን» ቢሉ፣ ሁሉም ስለ አዋቂዎቹና ስለ ተናጋሪዎቹ ጻፈ እንጂ ስለ ጥሩአየሁ ማንም አላነሳም። እሷ ደግሞ እንኳን ስለ ራሷ ልትጽፍ፣ ሰው መሃል ስሟ ሲጠራ የምትደነግጥ ናት። እንግዲህ እንደነገረችኝ አድርጌ ልሞክር። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

ጥሩአየሁ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ካርቱም ሰው ቤት ሠርታ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው ሮተርዳም የገባችው። ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ባለ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። ሥራዋ ቢሮ ማጽዳት ነው። ማኅበር ሲኖር ከኩሽና አትወጣም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሏት «እናንተ ካላችሁት ምን እጨምራለሁ» ብላ ድስቷን ታማስላለች።

ይቺ ሴት አንድ ቀን መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ ብላ ተነሳች። ሰው ሳቀ። ተፈተነች፣ ወደቀች። ደግማ ወደቀች። «ይቅርብሽ እንግዲህ» አሏት። ዝም ብላ ተመዘገበች። በመጨረሻ አለፈችና አንዱ መስኮት የማይወርድ አሮጌ ቢጫ ኦፔል ገዛች።

አብራት የምትሠራው አበባ ነበረች፤ ጎረቤቷም ናት። አበባ ሳቂታ ናት፤ ባልዲ ይዛ እንኳን ትቀልዳለች። ጥሩአየሁ ለፈተና ስትለፋ «ካለፍሽ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩትን ሲኒማ ታሳይኛለሽ» አለቻት። ያን ጊዜ በጋ ሲሆን ወደቡ አጠገብ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ትልቅ ነጭ ሸራ ይተክሉና ፊልም ያሳዩ ነበር። የሚገባው ባለመኪና ብቻ ነው። ጥሩአየሁም «እሺ» አለች። እሷ እሺ ካለች እሺ ነው።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የጥሩአየሁ በር ተንኳኳ። ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ ከዴንሃግ ድረስ በባቡር መጥተዋል። የማኅበሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ እናትነሽም አብረዋቸው አሉ። ሁለቱም ሳይቀመጡ ተያዩ።

«የአበባ እናት አርፈዋል» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «ትናንት ከአዲስ አበባ ደውለው ነገሩኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ተሰብስበን እናረዳታለን።»

ጥሩአየሁ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ዛሬ ማታ ሲኒማ ልወስዳት ነበር። እንግዲህ ቀረ» አለች።

«ለምን ይቀራል?» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። «እንዲያውም ደግ ነገር! ስልኳ ቢጮህና አንዱ ችኩል ብቻዋን ሳለች ቢነግራትስ? እሷን ከስልኩ ታርቂልናለሽ። እራቷን በደንብ አብዪያት። ሆዷ ባዶ ሆኖ እንዳይነጋባት። ከዚያ እዛው አብረሻት እደሪ።»

«እኔ? ኧረ እትዬ፣ ፊቴ ያስታውቅብኛል። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ሌላ ሰው ብንልክ ያመልጠዋል» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «አንቺ ዝም ማለት ታውቂያለሽ። እስክንመጣ ድረስ እንዳይሰማ።»

ሄዱ። ጥሩአየሁ ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ጥቁር ሹራቧን ልትለብስ አንስታ መልሳ ጣለችውና ቀዩን ለበሰች። ዶሮ ጠበሰች። «ዛሬ ማታ አንድም ነገር አይታይብኝም» አለች ለመስታወቱ።

አበባ መኪና ውስጥ ከገባች ጀምሮ አፏ አላረፈም።

«ጥሩዬ፣ ኧረ ንጂው! ያቺ አሮጊት በብስክሌት አለፈችን።»

«ትለፈን።»

«ደግሞ ዛሬ ፊትሽ ምን ሆኗል? ጥርስሽን ሊነቅሉልሽ የምትሄጂ መሰልሽ።»

«መሪ ስይዝ እንዲህ ነኝ። አታናግሪኝ።»

«እሺ ሹፌር!» ብላ አበባ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠቻት።

ሜዳው ሞልቷል። ሐምሌ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሐምሌ በጋ ነው። ፀሐይዋ አልጠልቅም ብላ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ተደግፎ ፓታት የሚሉትን ጥብስ ድንች እየበላ ጨለማ ይጠብቃል። ድምፁ በመኪና ራዲዮ ነው የሚሰማው፤ በር ላይ ያለው ሰው ራዲዮው ላይ የት ጋ እንደሚገኝ ነገራቸው። ጥሩአየሁ ዶሮውንና ዳቦውን አወጣች። አበባ ከመጉረሷ በፊት እንደ ልማዳችን ግራ ቀኟን አየች። ጎናቸው ባለው መኪና ውስጥ አንድ ፈረንጅና ሚስቱ ነበሩ። ወጥታ ሳህኑን በመስኮታቸው አስገባችላቸው።

«እንዴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ጥሩአየሁ።

«ታዲያ ሰው እያየን ብቻችንን እንብላ?»

ሰውየው ግራ ገብቶት ሚስቱን አየ። ሚስቱ አንድ ብልት አነሳች፣ ቀመሰች፣ «ሌከር!»፣ ይጣፍጣል ብላ ሳቀች። አበባ ደስ ብሏት ተመለሰች። ጥሩአየሁም «ብዪ፣ አንቺም ብዪ» እያለች እስክትጠግብ ድረስ አጎረሰቻት።

ጨለመና ፊልሙ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጥሩአየሁ አንድ ሰው በመኪኖቹ መሃል ወደነሱ ሲመጣ አየች። ጋሽ ገብረኣብ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖረው አማርኛ እንደኛ የሚናገሩ፣ ወደቡ ላይ የሚሠሩ፣ እሳቸውም በመኪናቸው ፊልም ሊያዩ የመጡ ሰው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ሊል እንደሆነ እኛ እናውቃለን። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊሉ ነው። ጓደኛዋ ልታጽናናት ያወጣቻት መስሏቸው፣ መርዶው ተነግሯል ብለው አስበዋል።

ጥሩአየሁ ለመውረድ ስትጣደፍ እጇ የመብራቱን ማብሪያ መታው። የኦፔሉ መብራት ቦግ ብሎ በራ። ሸራው ነጣ። ሜዳው በሙሉ ጥሩምባ ሆነ።

«አጥፊው! አጥፊው!» አለች አበባ እየሳቀች።

ጥሩአየሁ አልሰማቻትም፤ ወርዳ ሽማግሌው ፊት ቆማ ነበር። በሕይወቷ የሽማግሌ መንገድ ዘግታ አታውቅም።

«ጋሽ ገብረኣብ፣ አልተረዳችም» አለች በሹክሹክታ። «ነገ ጠዋት ነው። በእመቤቴ፣ ፊትዎን ይመልሱልኝ።»

«ወይኔ! እኔ ደግሞ...» ጋሽ ገብረኣብ ባርኔጣቸውን ቶሎ ጭንቅላታቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማነው ለዚች ልጅ መንጃ ፈቃድ የሰጣት? ከዚያ ጫፍ ድረስ ዓይኔን አጠፋሽው እኮ!»

«ጋሽ ገብረኣብ! እንዴት አመሹ?» አለች አበባ በመስኮቱ፤ መብራቱን እሷ አጥፍታዋለች።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ...»  ሳሉና «ተጫወቱ፣ ተጫወቱ» ብለው ዞር አሉ።

«ጉንፋን ይዟቸዋል መሰለኝ» አለች አበባ።

«ይሆናል» አለች ጥሩአየሁ። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ፊልሙ የሚያስቅ ነው። አንድ ወፍራም ሰው ባሕር ዳር ሆቴል ይገዛል፤ ቧንቧው ይፈነዳል፤ እንግዶቹ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆነው በደረጃ ይንሳፈፋሉ። አበባ ሆዷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ጥሩአየሁም አብራ ሳቀች፤ ሲያስቅ የሚፈስ እንባ አይጠየቅበትምና ያን ጊዜ የራሷን እንባ አፈሰሰችው። አበባ ስትስቅ ሰፊ ጥርሷን እያየች፣ ይህን ሳቅ ማንም ዛሬ አይወስድባትም ትላለች በልቧ።

መሃል ላይ አበባ እንባዋን ጠረገች።

«እማዬ ይሄን ብታይ» አለች። «እሷ ሳቅ ከያዛት አትመለስም።»

ጥሩአየሁ መሪውን ጨብጣ ያዘች፤ መኪናው ቆሞ ሳለ።

«ታውቂያለሽ ጥሩዬ፣ አባቴ ሲሞት እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ሁሉም ሰምቷል። እኔ ብቻ አልሰማሁም። ዘመድ ሠርግ ስለነበር ‹ሠርጉ ይለፍ› ብለው ደበቁኝ። እስክስታ ወረድኩ። ክብ ሠርተው አጨበጨቡልኝ። አንዷ አክስቴ እያጨበጨበች ስታለቅስ አይቼ የደስታ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ቤት ሙሉ ሰው መጣና አረዱኝ። የሚናገሩት አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ወዳጅ አንድ ሰው እጄን ይዞ የሚነግረኝ ጠፋ?»

ሸራው ላይ ሰዎች ይጮሃሉ። ራዲዮው ይስቃል።

«አንቺ እንደዛ እንዳታደርጊኝ» አለች አበባ። «ክፉ ነገር ከመጣ፣ በአንቺ አፍ ንገሪኝ።»

ጥሩአየሁ ያን ጊዜ በልቧ ያለችውን እንዲህ ነው የነገረችኝ። አሁን ልንገራት? በሌሊት፣ በማያውቁት ሰው መሃል፣ መኪና ውስጥ ተዘግታ ትጩህ? ወይስ ዝም ብዬ ነገ ያ ሁሉ ሰው ደረጃውን ሞልቶ ይውጣባት? ሽማግሌዎቹ ብዙ አይተዋል፤ ብቻዋን እንዳትሰማ የሚሉት ለሷ ብለው ነው። እሱ እውነት ነው። አበባ ያለችውም እውነት ነው።

«በእኔ አፍ እነግርሻለሁ» አለች።

«ማርያምን?»

«ሙች።»

አበባ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ፊልሙ ተመለሰች። ጥሩአየሁ ግን ከዚያ ወዲያ ሆቴሉ ምን እንደሆነ አላየችም። ልቧን አጸናች። ዛሬ ትሳቅ፣ ትተኛ። ነገ ግን ማንም አይቀድመኝም።

አበባ ቤት ሲደርሱ ጥሩአየሁ «ይሄን ደረጃ ወርጄ መሄድ ሰነፍኩ፣ እዚሁ ልደር» አለች። አበባ ፊቷን ስትታጠብ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። አበባ ያንን ወፍራም ሰውዬ እያስመሰለች፣ እየሳቀች ተኛች። ጥሩአየሁ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አነጋች።

ጎሑ ሲቀድ፣ ከታች የመጀመሪያው ትራም ሳያልፍ ተነሳች። ውሃ አሞቀች። አበባን ቀስ ብላ ቀሰቀሰቻት፣ ፊቷን አሳጠበቻት፣ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ያዘች።

«ምነው? ረፈደብን እንዴ?» አለች አበባ።

«አበባ፣ እናትሽ አርፈዋል። ማታ አውቅ ነበር። ፊልሙ ላይ ስትስቂ አውቅ ነበር። እንድትስቂ ፈልጌ ነው።»

አበባ አየቻት። ከዚያ በጡጫ ደረቷን መታቻት፣ ደገመቻት። ጥሩአየሁ አልሸሸችም። ወዲያው አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና «እማዬ!» አለች፤ ቤቱ ተናወጠ።

ደወሉ ሲጮህ ጥሩአየሁ ወርዳ ከፈተች። ጋሽ ማንደፍሮ ከፊት፣ ሌሎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ቆመዋል። ለቅሶው ከላይ ይሰማል።

«ማን ነገራት?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ ተቆጥተው።

«እኔ ነኝ» አለች ጥሩአየሁ። አንገቷን አልደፋችም። «እኔ እንድነግራት ቃል ገብቼ ነበር ጋሼ። አሁን እናንተን ትፈልጋለች፣ ግቡ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው ደረጃውን ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

የአበባ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ በሯን ከፈተች። ምን ሆናችሁ፣ ሰው ተኝቷል፣ ፖሊስ ልጥራ እንዴ ትላለች። ጥሩአየሁ ይቺን ሴት በዚያ ሁሉ ዓመት አንገቷን ነቅንቃ ከማለፍ በቀር አናግራት አታውቅም። ዛሬ ፊቷ ሄዳ ቆመች። በምትችለው ደች «እናቷ ሞታለች» አለቻት። «ዛሬ ብዙ ሰው ይመጣል። ነገም ይመጣል። እኛ በድምፅ ነው የምናለቅስ። ትታገሺናለሽ።»

 ጥሩአየሁ መልስ አልጠበቀችም፤ ደረጃውን ወጥታ አበባ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።