የጋሽ ወርቁ ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ገበያ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ የበሰለ ማንጎ ሸተተኝና ጋሽ ወርቁ ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ ሴቻ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ራሺያ ተምረው ሲመለሱ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም በትምህርት ብዙ አልገፋሁም። ወፍራም ግራጫ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት አጥር ላይ ያናፍሱት ነበር። እዚያ አገር የኑክሌር ጣቢያ ፈንድቶ፣ የተመረዘውን አፈር ከሚጠርጉት ሠራተኞች ጋር እንደነበሩ ሰፈሩ ሰምቷል። እናቴ «መርዙ በልብሳቸው አብሮ መጥቷል፤ ከዛፋቸው እንዳትቀምሺ!» ትለኝ ነበር። እኔ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ማንጎ እየተቀበልኩ እበላ ነበር።

አንድ ቀን እዚያ አገር ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«መሬቱን በመሣሪያ እለካ ነበር። ሠራተኛው የት እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጠይቄ፣ ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው እገምት ነበር። አለቆቹ ሲያጣድፉን ግን ለአንዱ ገምተን ለአሥሩም ያንኑ እንጽፍ ነበር።»

«ራቅ ብሎ ለቆመውም?»

«ለእሱም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ አላመንኳቸውም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ስለ ራሱስ እውነቱን ይናገራል?

የሚሊኒየሙ ሰሞን የልጄ የማርታ አንገት አበጠ። ያ የበላሁት ማንጎ በእኔ አልፎ እሷን የያዛት መሰለኝ። ደጃቸው ሄጄ «አንገቷ አብጧል! በማንጎዎ ልጄን ምን አደረጓት?» ብዬ ጮኽኩ።

አልተቆጡም። «ቁጭ በይ አስቴር። ስንት ዓመት በላሽ? በቀን ስንት?»

«ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ነው እንዴ ያለሁት?»

«መልሺልኝ እንጂ! ልጅቷስ የት አደገች?»

«ካምባ ደጋው ላይ፣ አያቷ ዘንድ።»

«የአያቷስ አንገት ደህና ነው?»

«እሷም እንቅርት አለባት» አልኩ።

«ከዛፌ አይደለም፤ አዮዲን ከሌለው ጨው ነው። ሐኪም ቤት ውሰጃት» አሉኝ። ሐኪሙም ያንኑ ተናገረ። ተማክረው ይሆን ብዬ እሱንም ጠረጠርኩት። ጨዉን ግን ቀየርኩ፤ እብጠቱም እያደር ጎደለ።

ጋሽ ወርቁ ሲሞቱ እህታቸው አንድ ደብተር አመጣችልኝ። በማላውቀው ፊደል ስም ተደርድሮበታል። ከየስሙ ጎን አንድ ዓይነት ቁጥር ተሰርዞ፣ ለየሰዉ የተለያየ ቁጥር ተጽፏል። «ሠራተኞቹ የት የት እንደቆሙ እያስታወሰ እስኪሞት ሲያርም ነበር» አለችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በአማርኛ «ማርታ» ይላል፤ ጎኑ ዜሮ።

አልጣልኩትም። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከማርታ አልጋ አርቄ፣ ውጭ ኩሽናው ጣሪያ ሥር ሰቅዬዋለሁ።