ነፋስ የማያስገባው ሣጥን

ዶብሮሳቭ ዝናብ ሲጥል ወደ ቤት አይገባም፤ ከቤት ይወጣል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ በቫልዬቮ ከተማ መንገዶች ከአንዱ ጣሪያ ሥር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አሸንዳዎቹን ያዳምጣል። የከተማው ግማሽ ያህል ቤት የዝናብ ውሃውን የሚያወርደው እሱ በሠራው አሸንዳ ነው። የትኛው ጥሩ እንደሚያወርድ፣ የትኛውን ቅጠል ጉሮሮውን እንደዘጋው ከድምፁ ይለያል። የተዘጋ ሲያገኝ በር አንኳኩቶ ይናገራል። ባለቤቶቹ አመስግነው ሳይጨርሱ የእሱ ዓይን በትከሻቸው በኩል አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ከማዶ መስኮትም ተከፍቶ ካየ አያስችለውም። "ሽውታ ይመታችኋል" ይልና ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ መስኮቱን ዘግቶላቸው ይወጣል።

በዚያ አገር ከበር ወደ መስኮት የሚያልፍን ሽውታ በሽታ ያመጣል ብሎ የማይፈራ የለም። ዶብሮሳቭ ግን ከሁሉም ይብሳል። የአጎቱን ፊት ያጣመመው የአውቶቡስ መስኮት ነው። የሚስቱን ወገብ የያዘው የኩሽናው መስኮት ነው። አማቱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ሲሞቱ እንኳ፣ ሐኪሙ እርጅና ነው ቢልም እሱ የጠረጠረው ኮሪደሩን ነው።

ሥራው ቆርቆሮና ላሜራ ነው። በቴሽኛር መንገድ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ አርባ አራት ዓመት ሙሉ አሸንዳ፣ የምድጃ ቧንቧና ራኪያ የሚሉት አረቄ ማውጫ የመዳብ ጋን ሲሠራ ኖሯል። አሁን ግን ሰው ሁሉን ነገር ተሠርቶ ያለቀለትን ከትልልቅ መደብር ይገዛል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ ሱቁ የገባው ሥራ የሁለት ባልዲ ቂጥ መለወጥ ብቻ ነው። ዶብሮሳቭ ግን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ መዶሻዎቹን በቁመታቸው ይደረድራል፣ ይቀመጣል።

ሚስቱ ሌፖሳቫ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሲመለስ በየምሽቱ ታየዋለች። ራንኮ የሚባል ሰው ሱቁን ለውርርድ ቤት ሊከራይ ጠይቋት ነበር፤ እሷም እናከራየውና አንተም ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ተቀመጥ አለችው። ዶብሮሳቭ ሱቁን ከሚሰጥ ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ተጨቃጨቁ፣ ሦስት ቀን ተኮራረፉ፣ በአራተኛው ቀን ሾርባ ሲበሉ ተስማሙ። እስከ ቅዱስ ድሜጥሮስ ቀን ድረስ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚሠራ አዲስ ሥራ ካዘዘው፣ ያዘዘውም ሰው ወድዶ ከወሰደው፣ ሱቁ ይቀራል። አለዚያ ቁልፉ ለራንኮ ይሰጣል። ባልዲ እንደማይቆጠር ሌፖሳቫ ጨምራ ተናግራለች።

ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኢስክራ መጣች።

ኢስክራ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ እያነበበች የምትቀዳ ወጣት ሴት ናት። የምትቀዳው እቤቷ ነው። የኮምፒውተሯ ማራገቢያ ግን እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። በምታነበው ታሪክ ውስጥ ሰው ሲሞትም፣ ሰው ሲሳሳምም፣ ያ ንብ ከኋላ አለ። ስለዚህ ማራገቢያ የማያስፈልገው ኮምፒውተር ገጣጥማ ለመሥራት አስባ፣ ዕቃውን ገዝታ፣ የቀራት ሣጥኑ ብቻ ነበር። የምትወደውን ዓይነት ሣጥን በገበያ አጣች። ራሷ በወረቀት ሥላው መጣች፤ ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ፣ ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ ሣጥን።

ዶብሮሳቭ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አየ።

"ጠርዙን እንደ ዳንቴል ቆረጥ ቆረጥ ላድርግልሽ?" አላት።

"ምንም አይኑርበት አጎቴ።"

"አንዲት ትንሽ ዶሮ እላዩ ላይ?" በሠራው ጭስ ማውጫ ሁሉ ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ዶሮ ያቆማል፤ ከተማው በዶሮዎቹ ነው የሚያውቀው።

"ዶሮም አይኑርበት።"

"እጀታስ?"

"አልፈልግም።"

ዶብሮሳቭ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ የቀረው ነገር እዚያ ይኖራል ብሎ ነበር። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው የሚመስለው።"

"አዎ። እንደዚያ መስሎ እንዲያልቅ ነው የምፈልገው" አለችው።

ቀላል መስሎት ጀመረ። የመጀመሪያውን ላሜራ መዶሻው አንድ ቦታ ላይ ነካ አደረገውና ምልክት ተወበት። በሌላ ሥራ ቢሆን እዚያች ላይ አበባ ቀርጾ ያልፋት ነበር። እዚህ ግን አበባ የለም፤ ላሜራው ተጣለ። ሁለተኛውን የብረት መያዣው የሞርሳው ጥርስ ነከሰው። አርባ አራት ዓመት የሠራው ዳንቴልና ዶሮ ስንት ጥፋት ሲሸፍንለት እንደኖረ ያን ሳምንት ገባው፤ ለማንም ግን አልተናገረም። የሞርሳውን ጥርስ በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ጠቀለለ፣ የብረት መዶሻውን ትቶ የእንጨት መዶሻ ያዘ፣ በሦስተኛው ላሜራ ላይ ትንፋሹን ውጦ ሠራ። ጠርዞቹን እርስ በርሳቸው አጣጥፎ አገጣጠማቸው። ብሎን አይታይም፣ ምስማር አይታይም። ጣቱን ቢያስኬድበት የት ላይ እንደተገጣጠመ ራሱም አላገኘውም።

አንድ ነገር ብቻ ከሥዕሉ ለወጠ። ኢስክራ ከፊት በታች በኩል አንድ ረጅም ስንጥቅ፣ ከኋላ በላይ በኩል ሌላ ስንጥቅ ሥላ ነበር፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ዶብሮሳቭ ሥዕሉን ቁጭ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ይሄ በርና መስኮት ነው። የሚነግራት ሰው አጥታ ነው ብሎ አዘነላት፣ ሁለቱንም ደፈነላት። ከዚያም በሠራው ነገር ሁሉ እንደሚያደርገው ሣጥኑን ውሃ ሞልቶ፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጋዜጣውን ጠብታ አልነካውም።

ኢስክራ ልትወስደው ስትመጣ በመጀመሪያ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ፊቷ በራ። ከዚያ አዞረችው። እንደገና አዞረችው።

"አጎቴ፣ ቀዳዳዎቹስ?"

"ተዪያቸው፣ ዘግቼልሻለሁ" አላት፤ እንደ ምርቃት ነበር የተናገረው።

ኢስክራ ልትስቅ ጀምራ የእሱን ፊት ስታይ ተወችው። ኮምፒውተሩ አየር ካላገኘ እንደሚግል ብትነግረውም አላመነም፤ ይሞከር አለ። የኮምፒውተሩን ዕቃ እዚያው ገጠመችው፣ ከመብራቱ ጋር አያያዘችው፣ ማይክሮፎኗን ይዛ ለሙከራ አንድ ገጽ ታነብ ጀመር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ኮምፒውተሩ ጭል ብሎ ጠፋ። ዶብሮሳቭ የሕፃን ግንባር እንደሚነካ በእጁ ጀርባ ነካው።

"ትኩሳት አለው" አለ።

"ትኩሳቱ ከራሱ ነው አጎቴ። መተንፈሻ የለውም።"

"ከፊትም ከኋላም የተከፈተ ነገር እኔ ለውሻም አልሠራም።"

ኢስክራ ወረቀቷን በጥንቃቄ አጠፈች። ቤልግሬድ ውስጥ በማሽን የሚቆርጡ እንዳሉ፣ የተሰጣቸውን ሥዕል ሳይጠይቁ እንደሚቆርጡ ነገረችው፤ ክፋት አልነበረባትም፣ እንዲያውም ልታለቅስ የደረሰች ትመስል ነበር። ለበዓሉ የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። ዶብሮሳቭ ይህን ቆጥሮታል፤ እጁ ግን በተዘጋው ሣጥን ላይ ነበር፣ አላነሣውም።

ሌፖሳቫ የምሳውን የቦሎቄ ሾርባ ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቁም።

"አንተ ሰውዬ፣ የጎረቤታችን የሌንካ ምድጃ ቤቱን በጭስ ሲሞላው ምን አደረግህለት?" አለችው።

"ቧንቧውን አስረዘምኩለት። ከታች አየር አልነበረውም፤ በሩ ላይ ስንጥቅ ከፈትኩለት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሳበ።"

"ምን ሳበ?"

ዶብሮሳቭ ሣጥኑን አየ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የምድጃ ቧንቧ አየ።

"እሱ ሽውታ አይደለም፤ እሱ መሳብ ነው" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲያ እንዲስብ አድርገዋ" አለችና ሾርባውን አስቀምጣ ሄደች። አረማመዷን ሲያይ የተናደደች መሰለው፤ በማን እንደሆነ አልገባውም። ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚያው አልቆ ቁልፉ የራንኮ ይሆን እንደነበር የገባው ሾርባውን ጨርሶ ማንኪያውን ሲልስ ነው።

ኢስክራ እንደገና እንዲሞክር ፈቀደችለት። ሁለተኛው ሣጥን ጠባብና ረጅም ሆነ፤ አራት ማዕዘን የምድጃ ቧንቧ በሉት። ታቹ በአራት አጫጭር እግሮች ከፍ ብሎ አየሩን ከሥሩ ይቀበላል። በላይ በኩል ያለው መውጫ ከታጠፈው ጠርዝ ሥር ተደብቋል። የሚግለው ዕቃ እንደ ምድጃ ጀርባ በቆመ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ተለጥፏል። ታችኛውና ላይኛው ቀዳዳ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የዶብሮሳቭ ኅሊና ያረፈው በዚህ ነው። ከኢስክራ ጋር የተጣሉት በቁመቱ ብቻ ነበር። ቧንቧ ካልረዘመ አይስብም፣ አራት ጣት ጨምሪልኝ አላት። እሷ ከሁለት በላይ አልሰጥም፣ ጠረጴዛዬ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት አትከልብኝ አለችው። በሦስት ጣት ታረቁ።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ፣ ኢስክራ ዕቃዋን አዲሱ ሣጥን ውስጥ አስገብታ አበራችው፤ እስኪሞቅ ተቀምጠው ጠበቁ። ሌፖሳቫም መጥታ ጥግ ይዛ ነበር። በዚህ መሐል ራንኮ ሜትሩን ይዞ ገባ፤ ቴሌቪዥኖቹ የሚሰቀሉበትን ግድግዳ ሊለካ ነው የመጣው። አፉ ላይ ሲጋራ ነበር። ዶብሮሳቭ ማጨስ ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሱቁ ውስጥ አንድም የሚጨስ ነገር አልነበረም። መሳብ ደግሞ ያለ ጭስ አይታይም።

"እሱን ሲጋራ ወዲህ በል" አለው።

ራንኮ ግራ ገብቶት ከአፉ አውጥቶ ሰጠው። ዶብሮሳቭ ተንበርክኮ ሲጋራውን ከሣጥኑ እግሮች አጠገብ ያዘው። ጭሱ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፣ አመነታ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከላይ፣ ከጠርዙ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ቀስ ብሎ ወጣ።

"ያለ ማራገቢያ ነው?" አለ ራንኮ፤ ሜትሩን ረስቶ እሱም ተንበርክኮ ነበር።

"ያለ ማራገቢያ" አለ ዶብሮሳቭ። ሲጋራውን አንዴ ሊስበው አሰበ፣ ሌፖሳቫን አየ፣ ለራንኮ መለሰለት።

ከዚያ ኢስክራ ሁሉንም ዝም አሰኝታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አነበበች፤ አንዲት ሴት ባቡር ስለምትጠብቅበት ነው። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ አርባም አለፈ፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ዶብሮሳቭ በየመሐሉ በእጁ ጀርባ እየነካ ለብ እንዳለ ብቻ አየ። ኢስክራ አንብባ ስትጨርስ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ የቀዳችውን ሰማች። ግንባሯ ተቋጠረ።

"የሆነ ድምፅ አለ" አለች። "ቀጭን ፉጨት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።"

ዶብሮሳቭ የሆነ ጠርዝ እያፏጨ ይሆናል ብሎ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ ቢያዳምጥ ምንም አልሰማም። ሌፖሳቫ ማዳመጫውን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ብዙም አልቆየች።

"ይሄማ የሱ አፍንጫ ነው። አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ" አለች።

ዶብሮሳቭ ወደ ውጭ ተባረረ። ኮቱን ሳይደርብ በመንገዱ ላይ ቆሞ በመስታወቱ በኩል ኢስክራ እንደገና ስታነብ አፏን አየ፤ ስታዳምጥም አየ። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው። ብዙ ቆየች። ዓይኗን ስትገልጥ ሣጥኑን ከነገመዱ አንሥታ እንደ ሕፃን አቀፈችው፣ ጉንጯንም ልሙጡ ላይ አሳረፈች።

ዶብሮሳቭ ተመልሶ ሲገባ ራንኮ ሌፖሳቫን ስለ ቁልፉ እየጠየቃት ነበር።

"ታዘዘ፣ ተሠራ፣ ተወሰደ። ሌላ ቤት ፈልግ የኔ ልጅ" አለችው። ራንኮ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ኢስክራም አክስቴ፣ አጎቴ ብላ ሁለቱንም ሦስት ጊዜ ስማ ሄደች።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሌፖሳቫ ባዶውን ጠረጴዛ ታይ ነበር።

"ከበዓሉ ማግስት ምን ሥራ አለህ?" አለችው።

"የለኝም።"

"በሚቀጥለውስ ቀን?"

"ሰው ከመጣ እሠራለሁ። ካልመጣ እቀመጣለሁ።"

"ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ የተሠቃየኸው ለመቀመጥ ነው?"

ዶብሮሳቭ "አዎ" አላት። ከሥራው ጠረጴዛ ሥር ሁለተኛውን በርጩማ ሳበ፣ የላሜራውን ብናኝ በክንዱ ጠረገለት፣ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ሌፖሳቫ በርጩማውን አየችው። ሱቁ ብርድ እንደሆነ፣ ምድጃ ላይ ጎመን ጥዳ እንደመጣች ተናገረች፤ ይህን እየተናገረች ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።