የእርጉዞች ጉድጓድ

ወይዘሮ አበቡ በየማለዳው የጉድጓዱን ክዳን ያነሱና የመጀመሪያውን ባልዲ ፓፓያው ሥር ይደፉት ነበር። ከሁለተኛው በጣሳ ቀድተው አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያቆዩትና ይውጡታል። የግቢው በር ለጎረቤት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው በጫኖ መንደር ውሃ የሚመዘነው በምላስ ነው። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከጥልቅ ያወጣል፤ ውሃው ግን ጨው ጨው ይላል፣ ሻይ ያበላሻል፣ ሳሙናም አረፋ አያወጣበትም። የወይዘሮ አበቡ ጉድጓድ ጥልቀት የለውም። ሟች ባላቸው ከመስኖው ቦይ አጠገብ የቆፈሩት ነው፤ ውሃው ለስላሳ ነው። በዚህ ምክንያት በመንደሩ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ። ሴት ስታረግዝ ቤተሰቡ የፓምፑን ይጠጣል፣ ለእሷ ግን ከዚህ ጉድጓድ ይቀዳላታል። ለአራስም፣ ለታመመም እንዲሁ። ወይዘሮ አበቡ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ውስጥ እንኳ ስማቸው ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ይኸው ውሃ ነው።

የልጃቸው የደግፌ ሚስት ቤተል ከደጋው ከገረሴ ተድራ ወደዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። በሁለቱም ጊዜ ወይዘሮ አበቡ ጀሪካኑን ራሳቸው ተሸክመው አልጋዋ አጠገብ ያስቀምጡላት ነበር። ሌላ ውሃ እንዳትቀምስም ይቆጧት ነበር። አሁን ሦስተኛዋ ነው፤ ሆዷ ገፍቷል።

በክረምቱ ሰናይት የምትባል የውሃ ባለሙያ ከአርባ ምንጭ እየመጣች ከመንደሩ ውሃዎች በጠርሙስ ትወስድ ነበር። ጎረቤታቸው ጋሽ ኤርጫፎ፣ “ልጄ፣ የፓምፓችንን ደኅና አድርገሽ መርምሪው፤ እኛ እኮ ለወጥ ጨው መግዛት ትተናል” ብለው አስቀዋታል። ውጤቱን ይዛ የተመለሰችው በጥቅምት ነው። በፓምፑ ውሃ ላይ ከጨዋማነቱ በቀር እንከን አልተገኘበትም። በወይዘሮ አበቡ ጉድጓድ ውስጥ ግን ለቲማቲምና ለሽንኩርት የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ከሚፈቀደው መጠን በላይ ተገኝቷል።

ወይዘሮ አበቡ ጣሳውን አቀረቡላት። “እስቲ ቅመሽው። ምን ይላል?”

“ምንም አይልም፣ እናቴ። በምላስ አይታወቅም።”

“የፓምፑ ንጹሕ፣ የኔ ቆሻሻ የሆነው በምን ምክንያት ነው?”

“ፓምፑ የሚስበው ከታች ከድንጋዩ ሥር ነው፤ ጨዉን ይዞ ይወጣል። የእርስዎን የሚሞላው ከቦዩና ከማሳው የሚሰርገው ውሃ ነው። ለስላሳ ያደረገውም እሱ ነው። ከማሳው የታጠበው መድኃኒትም አብሮ ይገባል።”

ደግፌ አቀርቅሮ ቆመ። ከጉድጓዱ በላይ ካሉት የቲማቲም ማሳዎች አንዱ የእሱ ነው።

ቤተል ከበሩ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። “ብናፈላውስ?” አለች።

“ማፍላት ጀርም ይገድላል። ይህን ግን አያስወጣውም።”

“እነዚያ ሁለቱ… በዚህ ነው?”

ሰናይት ወደ ቤተል ዞረች። “አላውቅም። ጽንስ በብዙ ምክንያት ይጨነግፋል። መድኃኒቱ ለእርጉዝ ያሰጋል፤ ያንቺ በሱ ነው ወይም አይደለም ብዬ ግን ልነግርሽ አልችልም።”

ወይዘሮ አበቡ ከዚያ ወዲህ የሚያብሰለስሉት ይህን መልስ ነው። “በሱ ነው” ቢባሉ አልቅሰው ንስሐ ይገቡ ነበር። “አይደለም” ቢባሉ ያርፉ ነበር። ሁለቱም አልተባሉም።

በማግስቱ የባልዲውን ገመድ ፈቱት። ሴት ልጇ አራስ የሆነችባት ጎረቤታቸው ልክነሽ ጀሪካን ይዛ መጣች።

“የደግፌ እናት፣ ገመዱስ?”

“ፈታሁት። ውሃው ውስጥ መድኃኒት አለ አሉን።”

“አራቱንም ልጆቼን በዚህ ውሃ ነው የወለድኳቸው። ምን ሆኑ? ይልቅ ልትሸጪው አሰብሽ በይኝ።”

“ልክዬ፣ ውሃ ሸጬ አውቃለሁ?”

“እንግዲያው ለምራትሽ ብቻ ልትቀጂ ነዋ!”

“የፈታሁት ለእሷ ብዬ ነው” አሉ ወይዘሮ አበቡ። ልክነሽ ባዶውን ጀሪካን እያንኳኳች ወጣች። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲገናኙ ፊቷን ታዞራለች።

የፓምፑ ውሃ ለቤተል አልሆናትም። አፏ ላይ ሲደርስ ያስመልሳታል። ሎሚ ተጨምቆበትም አስመለሳት። ከንፈሯ ደረቀ።

“እማማ፣ አንድ ጣሳ ብቻ ከድሮው ይስጡኝ።”

“አልሰጥሽም።”

“ጉሮሮዬን ላርጥብበት ብቻ።”

“አልሰጥሽም አልኩ!” አሉና ጣሳውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

“እናትሽ ቤት ሂጂ” አሏት። “እዚያ ተራራ ላይ የምንጭ ውሃ ነው የምትጠጪው። እዚያው ውለጂ።”

“መንደሩ ምን ይላል? ልጅ አልጸና ስላላት አባረረቻት ይሉዎታል እኮ።”

“ይበሉኝ።”

የገረሴውን ምንጭ የመረመረው ሰው የለም። ደግፌ ይህን አንስቶ ነበር፤ ሌላ የሚሻል ቦታ ግን ማንም አልጠቆመም። ልጁ የሚጠበቀው በየካቲት ነው። ቤተል ቅዳሜ ጠዋት አርባ ምንጭ ካለው ከሲቀላ መናኸሪያ ተሳፍራ ትሄዳለች።